መሸጥ የማይቻል ዕቃ «ተገዛ» አይባልም

ለልጆቻቸው የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ለመግዛት የተነሡ ወላጆች ዘወትር የሚጠይቁት «ፕሌይስቴሽን ይሻላል ወይስ ኤክስቦክስ?» ብለው ነው። የሚሰጣቸውም መልስ ስለ ምስል ጥራትና ስለ ፍጥነት ነው። ኪሱ ለሳሳ ቤተሰብ ግን ይህ ንጽጽር ከቁም ነገሩ የሚያርቅ ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው መሣሪያው ዲስክ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም የሚለው ነው።

ስሌቱን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በአሜሪካ ገበያ ባለዲስኩ ፕሌይስቴሽን 5 ወደ 500፣ ዲስክ አልባው ወደ 400 ዶላር ተሸጠ። ኤክስቦክስ ሲሪየስ ኤስ በበኩሉ ወደ 300 ዶላር ነበር፤ እርሱም ዲስክ አይቀበልም። ዋጋዎቹ ከዚያ ወዲህ ንረዋል፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የ300ው ያዋጣል። ይሁን እንጂ አዲስ የወጣ ትልቅ ጨዋታ 70 ዶላር ይጠየቅበታል። ዲስኩን የያዘ ልጅ ተጫውቶ ሲጠግብ ለጎረቤቱ ያውሰዋል፣ በሌላ ይለውጠዋል፣ አለዚያም ይሸጠዋል። ሦስት ጨዋታዎችን በውሰት ያገኘ ቤተሰብ 210 ዶላር ከወጪ ዳነ ማለት ነው፤ የ200 ዶላሩ ልዩነት በዚሁ ተካካሰ። በዚያ ላይ ባለዲስኩ ፕሌይስቴሽን 5 የፕሌይስቴሽን 4 ዲስኮችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያጫውታል። ዲስክ አልባው መሣሪያ ግን ደጃፉ አንድ ነው፤ የአምራቹ ሱቅ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ ዋጋ ቆራጩም ሻጩ ራሱ ነው።

«ወርኃዊ ክፍያ ከፍለን ብዙ ጨዋታ እናገኛለን» የሚሉ አይጠፉም። ክፍያው የተቋረጠ ዕለት ጨዋታውም ይቋረጣል። ከ100 ጊጋ ባይት የሚበልጡ ጨዋታዎችን በጥቅል ዳታ ማውረድስ ስንቱን ቤት ያስችለዋል? ባለዲስክ ጨዋታም ማሻሻያ ማውረድ እንደሚፈልግ አልክድም፤ ዲስኩ ግን በእጅ ይቀራል።

የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነውና አንድ ቃል ያስቆጣኛል። በእነዚህ ሱቆች «ግዛ» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ለገዢው የሚሰጠው ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን ተረድታ፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳያስታውቁ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ በሕግ ከልክላለች። በአማርኛችንም መግዛት ማለት ማውረስን፣ መስጠትንና መሸጥን ይጨምራል።

ገዢ አቅመ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት በኤክስቦክስ ዋን ያገለገሉ ዲስኮችን ሽያጭ ሊገድብ አስቦ፣ የደንበኞች ተቃውሞ ሲበረታበት በጁን ወር ዕቅዱን አጥፏል። ስለዚህ ገንዘቡ ካነሰ፣ በሚገባ ተፈትሾ የተገዛ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ከማይቀበል አዲስ መሣሪያ ይመረጣል። በእጃችን ያለውን ገንዘብ፣ መልሰን ልንሸጠው ለምንችለው ዕቃ እናውለው።