የታሸገ ምግብ በምን ይቀመሳል?

የአዲስ አበባ ሸማች በዋዛ የሚታለል አይደለም። በርበሬ ሲገዛ ያሸታል፤ ጤፍ ሲገዛ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያያል፤ ቅቤ ከሆነ ደግሞ ሳይቀምስ ብር አይቆጥርም። ይኸው ሰው ከጉልት ተነስቶ ሱቅ ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ዘይቱን፣ ብስኩቱንና የዱቄት ወተቱን የሚያነሳው ዋጋ ጠይቆና ሥዕሉን አይቶ ነው። የታሸገ ዕቃ አይሸተትም፤ አይዘገንም። በእሽጉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመችው ሠንጠረዥ የሸማቹ አፍንጫና ምላስ መሆኗን ያስተዋለ ጥቂት ነው።

ዘይትን እንውሰድ። በብዙ የዘይት ጀሪካኖች ላይ በትልቁ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ ይጻፋል። አባባሉ ውሸት አይደለም። ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ የትኛውም የአትክልት ዘይት ይህ ነው የሚባል ኮሌስትሮል የለውም። በጤፍ ጆንያ ላይ «አጥንት የለውም» ብሎ እንደመጻፍ ነው። ሸማቹ ማየት የሚገባው ከጀርባ ያለውን «ሳቹሬትድ ፋት» የሚለውን መስመር ነው። በተለምዶ «የሚረጋው» ከሚባለው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው ቅባት ሲሆን፣ በሱፍ ዘይት ውስጥ ግን ከ100 ግራም 11 ግራም ገደማ ነው። ሲበዛ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ቅባት ነው። ሁለቱ ጀሪካኖች ፊት ለፊት አንድ ዓይነት ውዳሴ ተሸክመው፣ ከጀርባ ግን ልዩነታቸው የትየለሌ ነው።

ብስኩት ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። አንዱ እሽግ «ስኳር 6 ግራም»፣ ሌላው «ስኳር 18 ግራም» ቢል፣ እናት ለልጇ የመጀመሪያውን ትመርጣለች። ነገር ግን የፊተኛው ሂሳብ በ30 ግራም፣ የኋለኛው በ100 ግራም የተሠራ ከሆነ፣ በእኩል ሚዛን ሲታይ የፊተኛው 20 ግራም ስኳር አለው። የተመረጠው የባሰው ሆነ ማለት ነው። ጨውም «ሶዲየም» በሚል ስም ተሸሽጎ ይቀመጣል። ቁጥሩ በ2.5 ሲባዛ ጨው ይሆናል፤ 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም 2 ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል።

ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የገበያም ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ደህናው ዕቃ በመናኛው ተገፍቶ ከገበያ እንደሚወጣ ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርገው አሳይተዋል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩባቸው ሥራዎች ዋነኛው ይህ ነው። ሸማቹ ልዩነቱን ካላነበበ፣ ስኳር የቀነሰ ወይም የተሻለ ዘይት የተጠቀመ አምራች ለወጪው ማካካሻ አያገኝም። በመጨረሻም እሱም እንደ ጎረቤቱ ይሠራል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ገዢው በማያነበው ቋንቋ፣ በማይታይ ፊደል የተጻፈ መረጃ ግን በቂ ሊባል አይችልም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሦስት ነገር ቢያስከብር ብዙ ይቃለል ነበር፦ ሠንጠረዡ ሸማቹ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ የሁሉም ሂሳብ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ይሠራ፤ ከሶዲየሙ ጎን ጨው ተብሎ ይጻፍ።

ነጋዴዎች «ወጪ ይጨምራል፤ ደግሞስ ማን ያነበዋል?» ይሉ ይሆናል። የማተሚያው ንድፍ የሚለወጠው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ወጪው ለብዙ ሺህ እሽጎች ይካፈላል። የማያነብ ሸማች የበዛውም የሚነበብ ነገር ስለጠፋ ጭምር ነው።

እስከዚያው ሸማቹ ከባለሱቁ ፊት ቆሞ እሽጉን ገልብጦ ይይ። ጤፍ ለመዝገን ያላፈረ እጅ እሽግ ለመገልበጥ ሊያፍር አይገባም።