ጣፊያ ሲያብጥ

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ብዙ ጐልማሶች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቈላ ይወርዳሉ። ከተመለሱት መካከል ትኵሳት የማይለቀው፣ ሰውነቱ የሚከሳና ግራ ጐኑ የሚያብጥ ሲገኝ፣ «ወባ ነው» ይባላል፤ አለዚያም ጐኑ በጋለ ብረት ይተኰሳል። ነገር ግን የአሸዋ ዝንብ በንክሻዋ የምታስተላልፈው ካላዛር ሊሆን ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጐንደር፣ በሊቦ ከምከም፣ ይህ በሽታ በተነሣ ጊዜ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መስሎ ነበር።

አልትራሳውንድ የሚባለው መሣሪያ ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ የጣፊያንና የጉበትን መጠን፣ በሐሞት ከረጢትም ውስጥ ያለውን ጠጠር ያሳያል። ሥጋ አይቈርጥም፤ እንደ ራጅም ጨረር የለውም። ምግብ ሲቀመስ የሐሞት ከረጢት ስለሚኰማተር፣ ታማሚው አስቀድሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበላ መቈየት ይገባዋል።

ሆኖም ሥዕሉ እብጠቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ስለዚህ የደም ምርመራ ሊከተለው ይገባል። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ለመተኰስ አትቸኵሉ፤ ወደ ሐኪም ወስዳችሁ በየትኛው ቈላ ሲሠራ እንደ ከረመ አስቀድማችሁ ንገሩ።