ውዝፉ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ ለንደን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወለች። እኛ ቤት እታለም ነው የምንላት። «መንግሥት ሳይከፍለኝ የቀረ ውዝፍ ነበረ፤ አሁን ገባልኝ» አለች። እናታችን እልል አለች። እኔ ደግሞ ዛሬ ስጽፈው የሚያሳፍረኝን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «ስንት ነው?»

ስልኩ ሳይዘጋ ገንዘቡን ተከፋፍለን ጨረስነው። ለእናታችን ቤት አዲስ ቆርቆሮ፣ ለወንድሜ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለአጎታችን ባጃጅ። እታለም «እሺ፣ እናያለን» እያለች ሁላችንንም ሰማችን።

ውድ አንባብያን፣ ልጅ ወይም እህት ውጭ አገር ያላችሁ ብዙ ናችሁና ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

እታለም ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ወገቧን ታማ ሥራ ካቆመች ቆይታለች። እንግሊዝ አገር በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መሥራት ላልቻለ ሰው መንግሥት አበል ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የቀድሞው አበል ተጠቃሚዎች ወደ አዲስ አበል ተዛወሩ። አዲሱ አበል ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ሠራተኛው በከፈለው መዋጮ የሚገኝ፣ ሌላው ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ። በዝውውሩ ጊዜ የብዙዎቹ መዋጮ ብቻ ታየ፤ ኑሯቸው አልተጠየቀም። በዚህ ምክንያት በሁለተኛው በኩል ለከባድ ጉዳተኞች የሚጨመረው ክፍያ ቀረባቸው።

የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በመጋቢት 2018 ባወጣው ሪፖርት፣ 70,000 ያህል ሰዎች እንደተጎዱ፣ ለእያንዳንዳቸውም በአማካይ 5,000 ፓውንድ ገደማ እንደሚቀራቸው ገመተ። እስከ 20,000 ፓውንድ የሚቀራቸውም ነበሩ። መንግሥት መጀመሪያ ከጥቅምት 2014 በፊት ያለውን አልከፍልም ብሎ ነበር። በሕፃናት ድህነት ላይ የሚሠራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሲወስደው፣ በሐምሌ 2018 ከተዛወሩበት ቀን ጀምሮ ሊከፍል ተስማማ። እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ ወደ 600,000 መዝገቦች ታይተው፣ ለ118,000 ያህል ሰዎች 613 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተከፍሏል።

በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ እንባ ጠባቂ ስለ አንዲት ሴት ሪፖርት አወጣ። ለአምስት ዓመት ያህል በሳምንት 80 ፓውንድ ገደማ ሲጎድልባት ኖራለች፤ ቤቷን የምታሞቅበትና በወጉ የምትበላበት አልነበራትም። ውዝፏ፣ ወደ 20,000 ፓውንድ የሚጠጋው፣ ቢከፈላትም እንባ ጠባቂው ያ አይበቃም አለ። ለደረሰባት ስቃይ 7,500 ፓውንድ ካሣ እንዲከፈላት ጠየቀ።

ይህን ሳነብ እታለም ትዝ አለችኝ። በእነዚያ ዓመታት በቪዲዮ ስናወራ ቤቷ ውስጥ ካፖርት ለብሳ ነበር የምትቀመጠው። «ፈረንጅ ሆነሻል» እያልን እንስቅባት ነበር። ማሞቂያውን የምታጠፋው ለመቆጠብ እንደሆነ አልነገረችንም። በዚያው ክረምት ለገና የዶሮ መግዣ ልካልናለች። እኛም በልተናል።

እኛ የተከፋፈልነው ገንዘብ እንግዲህ ሎተሪ አልነበረም። ያልበላችው ምሳ፣ ያላሞቀችው ቤት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ ስለ ቁጠባዋና አብሯት ስለሚኖር ሰው የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣላት፣ አበሌን ሊቆርጡ ነው ብላ መሳቢያ ውስጥ ደብቃው ነበር። ልጇ ካርታ ስትፈልግ አግኝታ ባታነብላት ኖሮ መልስ ሳይሰጥበት ይቀር ነበር። ስለዚህ ውጭ ያሉ ወላጆች ያሏችሁ ልጆች፣ ፖስታቸውን አብራችሁ ክፈቱ። የሐኪም ወረቀትና የድሮ ደብዳቤ አይጣል። በቋንቋው የማይተማመን ሰው ነጻ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶችን ይጠይቅ፤ በየከተማው አሉ።

ለእኛ ለአገር ቤት ሰዎች ደግሞ ይህን ልጨምር። ይህን አበል በገቢው ዝቅተኛነት ያገኝ የነበረ ሰው ቁጠባው 16,000 ፓውንድ ካለፈ አበሉ ይቋረጥ ነበር። የውዝፍ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንደ ቁጠባ አይታይም። ነገር ግን አበሉ እንዳይነካ ብሎ ገንዘቡን ለዘመድ የሰጠ ሰው፣ ገንዘቡ አሁንም እጁ ላይ እንዳለ ሊቆጠርበት ይችላል። «ወደ እኛ አሽሺው» የሚል የዘመድ ምክር ስንቱን ጣጣ ውስጥ ሊከት እንደሚችል አስቡት።

ነገሩ ከገባኝ በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ደውልልኝ» አለች። እታለም ስታነሳ እናቴ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም፤ «ልጄ፣ ቤትሽ ሞቋል?» አለቻት። በዚያኛው በኩል ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልተሰማም።

እታለም በመጨረሻ ለወገቧ የሚሆን ጥሩ ፍራሽ ገዛች። ቆርቆሮውን እኔና ወንድሜ ተጋግዘን አደስነው፤ ሁለት ዓመት ፈጀብን። ባጃጁ ቀረ። አጎታችን እስከ ዛሬ ትንሽ ቅር ብሎታል።

ዛሬ ማታ ውጭ አገር ለሚኖር ዘመዳችሁ የምትደውሉ ከሆነ፣ ስለ ገንዘብ ከማንሳታችሁ በፊት እናቴ የጠየቀችውን ጠይቁልኝ።