መርከቡ ሲመለስ ምን ጭኖ ይመለሳል?

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መቼም ስለ ወደብና ስለ ባሕር በር የማያወራ ሰው የለም። ጥሩ ነው፣ ይወራ። ግን ክርክሩን ስከታተል አንድ ጥያቄ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። ወደቡ ተገኘ እንበል፤ ወደዚያ ስንሄድ ምን ጭነን ነው የምንሄደው? ይሄን ጥያቄ ለማስረዳት ሐይቅ ላይ የሚሠሩ መርከቦችን ምሳሌ ላድርግ። ታገሱኝ፣ ወደ አገራችን እመለሳለሁ።

የሰሜን አሜሪካን ካርታ ያስተማርኳችሁ ልጆች አምስቱን ታላላቅ ሐይቆች ታስታውሳላችሁ፦ ሱፔሪየር፣ ሚሺጋን፣ ሂዩረን፣ ኢሪ፣ ኦንታሪዮ። ለፈተና በቃላችሁ ይዛችኋል። ፈተና ላይ የማይመጣው እላያቸው ላይ የሚመላለሰው መርከብ ነው። ፖል አር. ትሬገርታ የሚባለው ትልቁ መርከብ 309 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ማለት ነው። 68 ሺህ ቶን ገደማ ይጭናል። በእኛ ቋንቋ ስንቆጥረው፣ አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ቢጭን 1,700 ተሳቢ መሆኑ ነው። ያውም ሐይቅ ላይ!

የሚጭኑት ብትን ጭነት ነው። በጆንያም በኮንቴይነርም ያልታሸገ፣ ዝም ብሎ መርከቡ ሆድ ውስጥ የሚገለበጥ ነገር፦ የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰል፣ የኖራ ድንጋይ፣ ስንዴ። ጨው ሳይቀር ይጭናሉ። ጎደሪች በምትባል የካናዳ ከተማ ከሂዩረን ሐይቅ ሥር ትልቅ የጨው ማዕድን አለ። አያቶቻችን አሞሌ ጨውን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር፤ እነሱ በመርከብ ጭነው ወስደው በክረምት በረዶ እንዲያቀልጥላቸው አስፋልት ላይ ይበትኑታል።

እኔን የገረመኝ ግን ጨው አይደለም። የገረመኝ የብረት ማዕድኑ ነው።

የሱፔሪየር ሐይቅ ዳርቻ የብረት አገር ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ካለው የመሳቢ ተራራ ሰንሰለት የሚወጣው ማዕድን ከዱሉዝና ከአካባቢው ወደቦች ተጭኖ ወደ ታች፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር ወዳሉት ወደቦች ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ብረት ማቅለጫዎቹ ይገባል። መርከቡ ሲመለስስ? ድሮ ከኦሃዮ ወደቦች የድንጋይ ከሰል ጭኖ ይመለስ ነበር። ሰሜኑ ብርዳም ነው፣ ማገዶ ይፈልጋል። ማዕድን ወደ ታች፣ ከሰል ወደ ላይ። ሁለቱም ጉዞ ገንዘብ ያስገባል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመሳቢ ምርጥ ማዕድን እየሳሳ መጣ። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ወደ ምሥራቅ ካናዳ፣ ወደ ላብራዶር ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1954 ከማዕድኑ እስከ ሴት-ኢል ወደብ ድረስ ባቡር ዘረጉ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1959 የሴንት ሎውረንስ የመርከብ መንገድ ተከፈተ። ከዚያ በፊት የነበሩት ቦዮች የሚያሳልፉት ትንንሽ መርከብ ብቻ ነበር፤ አዲሶቹ ግን ከ220 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ያሳልፋሉ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ከካናዳ መሃል አገር በባቡር ተንደር ቤይ የደረሰ ስንዴ መርከብ ላይ ተጭኖ በሐይቆቹ አልፎ ሴንት ሎውረንስ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ለውቅያኖስ መርከብ ይራገፋል። ያው መርከብ ሴት-ኢል ወይም አጎራባቿ ወደብ ይሄድና የላብራዶር ብረት ጭኖ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ወደ ሃሚልተን፣ ወደ ኢሪ ሐይቅ ወደቦች። በጭነት ላይ በድፍን መቶ ዓመት የተለመደው ብረት ወደ ታች ሲወርድ ነበር፤ አሁን ብረት ወደ ብረት አገር ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ለአፋር ጨው ጭኖ እንደመሄድ ማለት እኮ ነው! ከሩቅ ለሚያይ ሰው እብደት ይመስላል። ሒሳቡ ሲታይ ግን ስንዴው የብረቱን ኪራይ ቀነሰለት፣ ብረቱም የስንዴውን ቀነሰለት። መርከበኞቹ በመካከል ሆዱን አጥበው ያጸዳሉ፤ ብረት የነካው ቦታ ላይ ስንዴ አይገለበጥማ።

ትምህርቱ እዚህ ጋ ነው። ያን ቦይ ትርጉም የሰጠው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። በሁለቱም ጫፍ የሚጫን ነገር ነበር።

ባዶ መሄድ ደግሞ በነፃ አይደለም። ባዶ መርከብ ውሃው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ሚዛን የለውም፤ ስለዚህ ከወደቡ ውሃ ይሞላል። ባላስት ይሉታል። ከውጭ የመጡ የውቅያኖስ መርከቦች የአገራቸውን ወደብ ውሃ ሞልተው መጥተው ሐይቆቹ ውስጥ ደፉት። ከውሃው ጋር ዚብራ መስል የሚባል የጥፍር ያህል ዛጎል ለበስ ፍጥረት መጣ። መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚሺጋን ውስጥ ያለችው የመንሮ ከተማ የውሃ መሳቢያዋ በዚሁ ፍጥረት ተደፍኖ ነዋሪው ውሃ ተቋረጠበት። ጣና ዳር ያደጋችሁና እምቦጭን የምታውቁ፣ የባዕድ ፍጥረት ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እውነቱን ለመናገር እነሱም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። እነ ትሬገርታን የመሰሉት ግዙፎቹ በዌላንድ ቦይ ስለማያልፉ ከላይኞቹ አራት ሐይቆች አይወጡም። ከሰል ወይም ማዕድን አድርሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዷቸውን ይመለሳሉ። የራሳቸው ማራገፊያ ስላላቸው በሰዓታት ውስጥ ጨርሰው ይሄዳሉ፤ የመልስ ጭነት ፍለጋ ሦስት ቀን ከመቆም ባዶ መሮጥ ይሻላቸዋል። ባዶ መመለስ አንዳንዴ ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ግን አስሉት እንጂ አልረሱትም።

እሺ፣ አሁን ወደ ቤታችን።

«መምህር፣ የአሜሪካ ሐይቅ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉኝ አላችሁ። የሚያገናኘው የጅቡቲ መንገድ ነው። አብዛኛው የወጪና ገቢ ንግዳችን የሚያልፈው በዚያ ነው። መስመሩ ላይ የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ወደ ታች ስንወርድ ንፋስ ጭነን ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ ውስጥ ያለውን ቁጥር እንየው።

ለ2017/18 የምርት ዘመን የተገዛው ማዳበሪያ 24 ሚሊዮን ኩንታል ነው። በመኪና ብቻ ቢመጣ፣ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ 60 ሺህ ጉዞ ነው። ዋናው የወጪ ምርታችን ቡና ደግሞ በ2017 በጀት ዓመት፣ ያውም ታሪካዊ በተባለ ዓመት፣ ወደ 470 ሺህ ቶን ተልኳል። በዚያው ተሳቢ ብንጭነው 12 ሺህ ጉዞ አይሞላም። አንድ ዕቃ ከአንድ ዕቃ ጋር ነው ያወዳደርኩት፤ ነዳጁ፣ ብረቱ፣ ዘይቱ ገና አልተቆጠረም። ቡና በብር ውድ ነው፣ ክቡር ነው። መኪና ግን አይሞላም።

ባዶ የሄደውን መኪና ነዳጅና ጎማ የሚከፍለው ማነው? ባለመኪናው መሰላችሁ? እሱማ ገቢ ዕቃው ላይ የደርሶ መልስ አድርጎ ያስከፍላል፣ አልፈርድበትም። በመጨረሻ የሚከፍለው ማዳበሪያ የሚገዛው ገበሬና ዘይት የምትገዛው እናቴ ናት። የንፋሱ ኪራይ ሱቅ ውስጥ ነው የሚከፈለው።

መልሱ ቀላል ነው አልልም። የነዳጅ ቦቴ ሰሊጥ አይጭንም። የወጪ ምርታችን በየወረዳው የተበታተነ ነው፣ ወቅትም አለው። ባለመኪናው ምናልባት ጭነት ይገኝ ይሆናል ተብሎ ቀናት አይቆምም፤ እንደ ትሬገርታ ባዶውን ቢሮጥ ያዋጣዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የሾፌር ስንፍና አይደለም። ላኪውና ባለመኪናው ቀድመው የሚተዋወቁበት፣ መቼ ከየት ስንት ኩንታል እንደሚነሳ የሚታወቅበት አሠራር ጉዳይ ነው። ከዚያም በላይ ከባድ ነገር የማምረት ጉዳይ ነው።

«ወደብ ይኑረን እንጂ ጭነቱ ይመጣል» ለሚሉኝ ወዳጆቼ ደግሞ አንድ ቅርብ ምሳሌ ልስጥ፤ ታጁራ። ጅቡቲ ውስጥ ያለው ይህ ወደብ ሲሠራ አንዱ ዋና ምክንያት የእኛ ፖታሽ ነበር፤ ከደናክል ወጥቶ በዚያ እንዲላክ። ወደቡ በ2009 ዓ.ም. ተከፈተ። ፖታሹስ? አሁንም መሬት ውስጥ ነው። ፖታሽ እኮ ማዳበሪያ ነው፣ ብትን ጭነት ነው፣ መርከብ የሚሞላ ነገር ነው። ወደቡ ቀድሞ ጭነቱ ቀረ። እነዚያ ሐይቆች ላይ ግን ስንዴውም ብረቱም ተዘጋጅተው ቦዩን ሲጠብቁት ነበር።

ስለ ባሕር በር መጠየቅን አልቃወምም። ያለ በር የሚኖር ቤት የለም። ግን በር ያለው ሰው ሁሉ ነጋዴ አይሆንም፤ ይዞ የሚወጣው ነገር ያስፈልገዋል። የእኛ ክርክር ዘጠና እጁ ስለ በሩ ነው። አሥር እጁ እንኳን ስለ ጭነቱ ቢሆን ምን ነበረበት?

ተማሪዎቼ፣ አሁን አንዳንዶቻችሁ ሎጂስቲክስ ተምራችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ንግድ ላይ ናችሁ፣ መሪ የጨበጣችሁም አላችሁ። ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እስቲ ጻፉልኝ፦ ከምትኖሩበት አካባቢ ተነስቶ ተሳቢ ሊሞላ የሚችል ምን አለ? ለምንስ እስከ ዛሬ አልተጫነም? ስድብ አልፈልግም፣ ኩንታል ነው የምፈልገው።

ካነበባችሁት ለሌላም አጋሩት። መልካም ሳምንት።