ሉል የሚቆጥሩ አያቶች

«ባላገር ገንዘብ አያውቅም» እያለ የሚስቅ ከመካከላችን አይጠፋም። እኛ የሞጆ ልጆች ግን ይህን ሳቅ ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም። አያቶቻችን ጤፋቸውን ሸጠው ጠገራ ብር ሲቀበሉ የማርያ ትሬዛን የራስ ሉል ይቆጥሩ፣ የትከሻዋን ጌጥ ይመረምሩ፣ የተበላውን ይመልሱ ነበር። ብሩ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ መቼም ይመታ መቼ የሚጻፍበት ዓመት ንግሥቲቱ የሞተችበት 1780 ነው።

አውሮፓ ሌላ ነበረች። በ17ኛው መቶ ዓመት ፖርቱጋል ከስፔን ጋር ስትዋጋ፣ ነገሥታቷ በመዶሻ የተመታውን የወርቅ ገንዘብ ሰብስበው ዘውድ ያለበት ትንሽ ማኅተም ደገሙበት። ወርቁ ቅንጣት አልጨመረም፤ ዋጋው ግን በትእዛዝ ከፍ አለ። የተማረ የሚባለው አውሮፓዊ ይህን ሲቀበል አላዋቂ አላልነውም!

የእኛ ሕዝብ የንጉሡንም ማኅተም ፈትኖአል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ብር ከማርያ ትሬዛ ጋር በክብደት እኩል ያህል ሆኖ ሳለ፣ ገበያው የለመደውን መረጠ። ይህ ንቀት አይመስለንም፤ ጥንቃቄ ነው። ሙሶሊኒም ቢሆን በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን ሊወር ሲነሣ የዚህችን ብር መምቻ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮማ ላይ አስመታ፤ በራሱ ሊሬ እንደማይገበያይ ገብቶት ነበርና።

ዛሬስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ በኪሳችን ያለው የ100 ብር ኖት ላይ አንድም ማኅተም አልተጨመረም፤ ዶላሩ ግን ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። የለውጡን አስፈላጊነት የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ይከራከሩበት። እኛን የሚያሳስበን በኖቱ ላይ የሚቆጠር ሉል አለመኖሩ ነው። የሞጆ ጤፍ ሻጭ የገንዘቡን መድከም የሚያውቀው ዘይት ሊገዛ ሲሄድ ብቻ ነው፤ አያቱ ግን ገና ሳይቀበል ያውቅ ነበር። ተመኑ የሚወሰንበት ምክንያት በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ገበያተኛው በሚገባው ቃል አስቀድሞ ይነገረው የምንለው ስለዚህ ነው።

የቀረው ጠገራ በአንጥረኛ እጅ እየቀለጠ መስቀልና አምባር ሆኖአል። ክረምት ቤታችን ስንገባ አዛውንቶቹን እንጠይቅ፤ ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳውን ብር ገበያው በስንት ቀንሶ ይቀበለው እንደ ነበር የሚነግሩን ጥቂቶች ናቸው።