ዋና ከተማ ልትሆን የነበረችው አዲስ ዓለም

የዚህን ወር አንድ ቅዳሜ ከልጆቻችሁ ጋር የት እንደምታሳልፉ ካልወሰናችሁ፣ አዲስ ዓለምን ልጠቁማችሁ። በአምቦ መንገድ፣ ሆለታን አልፋችሁ፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ብዙዎቻችን በመኪና መስኮት አይተናት እናልፋለን። ነገሩ እንደታሰበው ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ ዋና ከተማችን እሷ ነበረች።

ታሪኩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ነዋሪዋ በፍጥነት በዛ። እንጀራው የሚጋገረውም፣ ወጡ የሚበስለውም፣ ቤቱ የሚሠራውም በእንጨት ነበርና በዙሪያዋ ያለው ደን ብዙም ሳይቆይ ተመናመነ። በዚያ ዘመን መፍትሔው ከተማውን ነቅሎ ደን ወዳለበት መሄድ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1892 ዓ.ም. አካባቢ እዚህ ቦታ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙን ልብ በሉልኝ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ስም ሲወጣ ምን ያህል እንደሚታሰብበት አውቃለሁ፤ “አዲስ ዓለም” ለጊዜያዊ ማረፊያ የሚወጣ ስም አይደለም።

ጉዞው ግን ቀረ። መኳንንቱና የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች አዲስ አበባ ላይ ብዙ ወጪ አውጥተው ቤት ሠርተው ስለነበር ትቶ መሄዱ ከበዳቸው። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍም ቶሎ እያደገ የማገዶውን ጭንቀት አቃለለ። የተጀመረው ቤተ መንግሥትስ? ምኒልክ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አደረጉት። ንጉሡ ሳይገቡበት ታቦቷ ገባች፤ አዲስ ዓለም ማርያም እንዲህ ተገኘች።

ከተማዋ ዋና ከተማነቱ ቢያመልጣትም ታሪኳ አላመለጣትም፤ ደብሩ ጠብቆላታል። ይህን ሳስብ የምኖርበት አቃቂ ቃሊቲ ትዝ ይለኛል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂ ደርሶ ነበር። ቀጥሎ ፋብሪካው መጣ፤ አሁን ደግሞ ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ ላይ ኮንዶሚኒየሙ። አብዛኞቻችን መጤዎች ነን። ልጆቻችን የብሎክ ቁጥራቸውን ያውቃሉ፤ ብሎኩ የቆመበት ማሳ የማን እንደነበር ግን አያውቁም። ይህን የሚነግሯቸው አዛውንት ዛሬም ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጅ አይጠፉም። ሳንጠይቃቸው ካለፉ ታሪኩም አብሯቸው ይሄዳል።

ስለዚህ የዚህ ወር የቤት ሥራችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ አዲስ ዓለምን ማየት፦ ነጠላ ያዙ፣ ሲገቡ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ሁለተኛው ነዳጅ አይፈልግም፦ ልጃችሁን ይዛችሁ ከሰፈራችሁ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጡና “አባባ፣ እኛ ሳንመጣ እዚህ ምን ነበር?” ብሎ ይጠይቅ። መልሱንም በደብተሩ ይጻፍ።

መልካም ወር ይሁንላችሁ!