በርቀት የሚገኝ የወንጀል ፍትሕ ማዕረግ፦ የሁለት ጸሐፊያን ሙግት

ደጋፊው ጸሐፊ

ሌሊቱን በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በፍተሻ ሥራ ቆሞ አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ የሚመለስ የፖሊስ መኮንን፣ ፈረቃው ስለሚለዋወጥ በተወሰነ ሰዓት ከመምህር ፊት ይቀመጥ ዘንድ አይቻለውምና፣ በወንጀል ፍትሕ ሁለተኛ ዲግሪ ቢሻ ከእንጀራውና ከዕውቀት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው በራሱ ጊዜ የሚያጠናው የርቀት ትምህርት ነው።

አቃቂ ላይ ማዕከል የከፈተው የደቡብ አፍሪካው የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ ለዚህ ምስክሬ ነው። በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ኮልፌ ከፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ዘንድ ወታደራዊ ትምህርት የቀሰሙት ኔልሰን ማንዴላ፣ የሕግ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1989 ከዚሁ ተቋም ያገኙት ገና እስረኛ ሳሉ ነበር፤ የወህኒ አጥር ያላገደውን ጥናት የሌሊት ፈረቃ ሊያግደው አይገባም። የርቀት ትምህርቱ መጻሕፍት የባዕድ ሕግ ይዘው ይመጣሉ የሚለው ክስም አያስደነግጠኝም፤ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩና።

ተቃዋሚው ጸሐፊ

ወንድሜ የጠሩት ምስክር ለእኔ ይመሰክራል። የግራቨን ረቂቅ የእኛ ሕግ የሆነው በፖስታ ስለ ደረሰን ሳይሆን፣ የኮዲፊኬሽን ኮሚሲዮን አባላት ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ መረመሩት ነው። አባቶቻችንም በአደባባይ «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ፣ ነገሩ የሚጠራው ተቃራኒው ቆሞ ስለሚመልስ ነበር፤ ብቻውን የሚያነብ ሰው ግን በገዛ ሐሳቡ ላይ የሚነሣ ተሟጋች የለውም።

የዚህ ጉድለት ጉዳት በመኮንኑ የፍተሻ ሥራ ላይ ይታያል፤ ወደ ዐረብ አገር የምትጓዝ አንዲት ወጣት በመነሻው አዳራሽ ተሰልፋለች እንበል። የተጠየቀችውን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች፤ ነገር ግን የአሠሪዋ ስም ሲነሣ ከመመለሷ በፊት ከኋላዋ የቆመውን ሰው ትመለከታለች። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ለተጎጂ ጥበቃን፣ በሰው ለሚነግደው ቅጣትን ያዛል፤ ማን ተጎጂ፣ ማን ነጋዴ እንደ ሆነ ለመለየት ግን መኮንኑ በመምህርና በባልንጀሮቹ ፊት ደጋግሞ ተጠይቆ፣ ግምቱ ፈርሶበት፣ እንደገና አንጾ መሠልጠን ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የሚደርስ ስሕተት የአንዲት ነፍስ ዕዳ ነውና ነገሩን አቅልዬ ልመለከተው አልችልም። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከተወሰኑ መዛግብት ይነሣ፤ ተማሪውም በዳኛ፣ በዐቃቤ ሕግና በተከላካይ ጠበቃ ፊት ቆሞ በቃል ይመርመር።

ደጋፊው ጸሐፊ

የቃሉን ምርመራ በደስታ እቀበላለሁ። በመምህርና በባልንጀሮች ፊት የሚደረገውን የዘወትር ጉባኤ ግን አልቀበልም፤ ያ ከተደነገገ የሚመረመረው መኮንን ቀድሞውንም ሊመዘገብ አይችልም።